የሚያንጸባርቀው ወረቀት

«ወረቀቱን ገና አልመረጥኩም» አለ ተከታይ፣ የክፍሉን በር በጀርባው እንደደገፈ።

«ምን ዓይነት ወረቀት ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ የሚመረጠው?» አለች አክስቱ ከበሩ ማዶ። «ሚስት ነው እንዴ የምትመርጠው? ሰዉ ባዶ ግድግዳ እያየ ነው እኮ የሚያለቅሰው።»

«ያልሆነ ወረቀት ላይ ከታተመ ቀለሙ ይለቃል፣ አክስቴ። እማዬ ደግሞ ትስመዋለች።»

የአክስቱ ነጠላ ጫማ እየተጎተተ ወደ ሳሎን ሲመለስ ሰማው። «ወረቀት እየመረጠ ነው» ስትል ለልቅሶ ደራሹ ሁሉ ተናገረች፤ አንድ ወፍራም ድምፅም «ተዉት፣ ሙያው ነው፤ ለወንድሙ ያልተጠነቀቀ ለማን ሊጠነቀቅ ነው?» አለላት።

ተከታይ ይህን ሲሰማ አፈረ። ወረቀት መምረጥ ለእሱ ምኑም አይደለም። የሰፈሩን ሠርግ፣ ምርቃትና ልደት በዚህች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲያትም ነው የኖረው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያበራውን ግሎሲ ከማያበራው ማት፣ ወፍራሙን ከስሱ በጣቱ ይለያል። ቀለም የሚይዘው ፊቱ የትኛው እንደሆነ ሲጠፋውም የጣቱን ጫፍ በምራቁ አርሶ ጥግ ላይ ይነካዋል፤ ጣት ላይ የሚጣበቀው እሱ ነው። ወረቀቱ ሰበብ ነበር። ያስፈራው ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተው ፎቶ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ መርጦ፣ እናቱ ስማ ያጸደቀችው ያ ፎቶ የሟች ወንድሙ አልነበረም። የራሱ ነበር።

ነገሩ የሆነው በመጀመሪያው ቀን ነው። ሁለቱ መንታ ናቸው። ቀድሞ የወጣውን ቀዳሚ፣ ቀጥሎ የመጣውን ተከታይ ብሎ የጠራቸው አባታቸው ነበር፤ ለቀልድ ያወጣው ስም ጸንቶባቸው የክርስትና ስማቸውን ከእናታቸው በቀር የሚያስታውሰው የለም። ቁመታቸው፣ ድምፃቸው፣ አካሄዳቸው አንድ ነው። የሚለያዩት በጎን ብቻ ነበር። ማርያም የሳመችው ጥቁር ምልክት ለቀዳሚ በግራ ቅንድቡ ሥር፣ ለተከታይ በቀኙ ሥር ነው። ግንባራቸው ላይ ያለው የፀጉር ሽክርክሪትም የቀዳሚ ወደ ግራ፣ የተከታይ ወደ ቀኝ ይዞራል። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚቆርጣቸው ፀጉር አስተካካይ «እኔ መልክ አላይም፣ ሽክርክሪት ነው የማየው» እያለ ይኩራራል።

ያን ቀን አክስቱ የሟቹን ስልክ ይዛ ሳሎን መሃል ተቀመጠችና ለግድግዳ የሚሆን ፎቶ ስትፈልግ ዋለች። ችግሩ ቀዳሚ ሲነሳ ዝም ብሎ አያውቅም። ወይ አፉን ከፍቶ ይስቃል፣ ወይ ዞሮ ከሰው ጋር ያወራል፣ ወይ ምላሱን ያወጣል። «ለልቅሶ የሚሆን አንድ እንኳ ቁም ነገር የለውም ይሄ ልጅ» እያለች ስታልፍ ስታልፍ አንዱ ላይ ቆመች። ጥቁር ኮት፣ የተቆለፈ አንገትጌ፣ ቀጥ ብሎ የሚያይ ዓይን። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም «እሱ ነው፤ እንዴት ያምራል» አለ። ፀጉር አስተካካዩ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አየና «ሽክርክሪቱ በግራ ነው፤ እሱ ነው» ብሎ መሰከረ። በመጨረሻ እናቱ ጋ ደረሰ። በደከመ ዓይኗ አቅርባ አየችው፣ አርቃ አየችው፣ ከዚያ ሳመችው። በከንፈሯ ስትነካው ስልኩ ወደሚቀጥለው ፎቶ አለፈ፤ አክስቱ መለሰችላት። «ይሄ ይሁን» አለች እናቱ። «ይሄ ይሰቀል፤ መስታወት ግን አያስፈልገውም።»

ተከታይ የሻይ ትሪ ይዞ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። ፎቶውን አየና ትሪውን እንደያዘ ወደ ጓዳ ተመለሰ።

ያን ኮት ቀዳሚ የገዛው ቀን ያስታውሰዋል። ቀዳሚ ሊታጠብ ሲገባ ተከታይ ኮቱን ለበሰውና ያምርበት እንደሆነ ለማየት አልጋው ላይ የተወውን የወንድሙን ስልክ አንስቶ ራሱን አነሳ። የፊቱ ካሜራ እንደ መስታወት ገልብጦ ነው የሚያነሳው። ምልክቱንም ሽክርክሪቱንም ወደ ወንድሙ ጎን አዞራቸው። ቀዳሚ ፎጣውን አገልድሞ ሲወጣ አየውና ሳቀ። «አታጥፋው፣ ይቀመጥ» አለው። «እኔም አንድ ቀን ጨዋ ሆኜ የተነሳሁት ፎቶ ይኖረኛል።»

እንግዲህ ይህን ሁሉ ለእናቱ እንዴት ብሎ ይንገራት? ልጇ በሞተ በማግስቱ «የሳምሽው ሟቹን አይደለም፣ ልጅሽን አላወቅሽውም» ብሎ? ያን ዕለት ባለመናገሩ በማግስቱ መናገር ይበልጥ ከበደው፤ በማግስቱ ባለመናገሩ ደግሞ ጭራሽ አስፈራው። ካልተናገረ የራሱን ፊት በትልቁ አትሞ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ በቁሙ ሊለቀስለት ነው። ተከታይ ደግሞ ፈሪ ነው። ሟርት ይፈራል፤ ሊፍት ይፈራል፤ ውሻ ይፈራል፤ በሕልሙ ጥርሱ ከወለቀ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ሲያቋርጥ ይጨነቃል።

ሳሎን ውስጥም እፎይታ አልነበረም። እሱ ሻይ ሲያዞር የሟቹ ፊት ነው ሻይ የሚያዞረው። አንዲት የሩቅ ዘመድ ብርጭቆ ሊሰጣት ጎንበስ ሲል ቀና ብላ አየችውና ድንገት እሪ አለች። ሌሎቹ ሲቀርባቸው ዝም ይላሉ፣ ሲርቃቸው ይንሾካሾካሉ። ወንበር ሊያመጣ ወጥቶ ሲመለስ ከበሩ ጀርባ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማ።

«መንታ እኮ አይለያይም ይባላል።»

«ኧረ በእናትሽ፣ እናቱ ትሰማለች።»

«እኔ ምን አልኩ? ቀዳሚ ከሄደ ተከታይ...»

«ዝም በይ ብያለሁ።»

ወንበሩን እዚያው ኮሪደሩ ላይ አስቀምጦ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

ሴትየዋ ያላወቀችው ነገር አለ። ወንድሙን የመረመረው ሐኪም በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሲያየው ለጊዜው ደንግጦ ነበር፤ አሁን የሸፈነው ሰው ተነስቶ የመጣ ሳይመስለው አልቀረም። ከዚያ ወደ ጥግ ወሰደውና «የልብ ጡንቻ ችግር ነው፤ በዘር የሚሄድ ነው» አለው። «መንታ ከሆናችሁ አንተም ሳትውል ሳታድር ተመርመር።» ተከታይ ራሱን ነቀነቀ። ለማንም አልተናገረም፤ ሆስፒታልም አልሄደም። ካልሄደ አያውቅም፤ ካላወቀ ደግሞ የሌለበት ይመስለዋል። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቡን ያዳምጣል። ደረጃ ሲወጣ ይቆምና ያዳምጣል። ሻይ ሲቀዳ ያዳምጣል። ልብም ሲያዳምጡት አመሉን ይቀይራል።

በሩ ተንኳኳ። ፀጉር አስተካካዩ ነበር፤ ሳይጋበዝ ገብቶ የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጠ።

«አክስትህ ልካኝ ነው» አለ። «‹አንተ ሽማግሌ ነህ፣ ገስጸው› ብላኛለች። በል ተገሰጽ።»

«እሺ ጋሼ።»

«የቱ ነው ያስቸገረህ?»

ተከታይ ሁለት ወረቀት ዘረጋለት፤ አንዱ ግሎሲ፣ አንዱ ማት። ፀጉር አስተካካዩ ግሎሲውን አንስቶ ወደ መስኮቱ አዘነበለው። ብርሃኑ ወረቀቱ ላይ እንደ ውሃ ሄደ። ተከታይ ፊቱን አዞረ።

«ይሄማ ግልጽ ነው፤ የሚያበራው ነው የሚያምረው። ወንድምህ ምን ነበር የሚለው? ‹ማት ወረቀት ሰውን በሽተኛ ያስመስለዋል›። ስንት ቀን በዚህ በግሎሲህ ፀጉሩን ሲያበጥር አይቼዋለሁ።»

እውነቱን ነው። ቀዳሚ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ከሥራ ሲመለስ በቅባት የተነከረ ቱታውን እንደለበሰ እዚህ ካርቶን ላይ ይቀመጥና ያልታተመ ግሎሲ አንስቶ ፊቱን ይፈልግበታል፤ ተከታይ ደግሞ «ጣትህን! ጣትህን!» እያለ ይጮኻል። አሁንም የግሎሲው ፓኬት ጥግ ላይ የቀዳሚ አውራ ጣት ቅባት አለ። አንድ ጊዜ ተከታይን አባብሎ ሊፍት ውስጥ አስገባውና በሁለት ፎቅ መሃል ቆመባቸው። ተከታይ ግድግዳውን ሙጭጭ አድርጎ ያዘ። ቀዳሚ እየሳቀ የጣሪያውን ክዳን ከፍቶ ወጣና ጨለማው ውስጥ ከላይ ሆኖ «አይዞህ፣ ቢበጠስም እኔ ነኝ የምቀድመው!» አለው። የሞተውም እዚያው ሥራው ላይ፣ የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ነው። የሥራ ባልደረባው ያረፈ መስሎት ሻይ አምጥቶለት ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። የተከታይ ልብ ዘለለ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ የፎቶውን ግንባር ትክ ብሎ አየው። አሁን ያውቃል፣ አሁን ይናገራል፣ እገላገላለሁ ብሎ ተከታይ ጠበቀ።

«ሽክርክሪቱ በግራ» አለ ሰውዬው። «እኔ ነኝ ለዚህ ኮት የሚሆን ቁርጥ የቆረጥኩት።» ዓይኑን በመሐረብ ጠርጎ ወጣ።

ከዚህ በኋላ የሚያድነው ሰው እንደሌለ ተከታይ አወቀ። ማቱን አነሳ። ማቱን የመረጠው አያንጸባርቅምና ነው። ግሎሲ ላይ ከታተመ ከፊቱ የቆመ ሁሉ ይታይበታል፤ እሱ ደግሞ ከራሱ ፎቶ ፊት ቆሞ ራሱን ማየት አይችልም። ልጅ ሳለ ቀዳሚ ታሞ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ መስታወት ፊት ቆሞ ያወራ ነበር። መስታወት ውስጥ ያለው ልጅ ምልክቱ በወንድሙ በኩል ነው። እናቱ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ስትለው «ከቀዳሚ ጋር» ብሎ አስደንግጧታል። ዛሬ ግን የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት እንኳ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው።

ጣቱን አርሶ የወረቀቱን ጥግ ነካ። ተጣበቀ። ወረቀቱን አስገባና እንዲታተም አዘዘ። ማተሚያው አጉረመረመ፣ ወረቀቱን ሳበ፤ ከግንባሩ ጀምሮ ሰው ይወጣ ጀመር። መጀመሪያ ፀጉሩ፣ ከዚያ ሽክርክሪቱ፣ ከዚያ ቅንድቡና ምልክቱ። ዓይኖቹ ብቅ ሲሉ ተከታይ ወደ ግድግዳው ዞረ። ማተሚያው ጸጥ እስኪል ድረስ በጆሮው ብቻ ተከታተለው፤ ልቡንም አብሮ እያዳመጠ።

ወረቀቱን ጠርዙን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ሊያደርቀው ሲዘረጋ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። እናቱ ናት። ጥቁር ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ግድግዳውን እየዳበሰች ገባች።

«አሳየኝ» አለች።

«ገና አልደረቀም፣ እማዬ።»

«አልነካውም፤ ላየው።»

ጠርዙን አስይዞ ሰጣት። ወደ መስኮቱ ሄደች። አቀረበችው፤ አራቀችው፤ እንደገና አቀረበችው። ተከታይ የሻርፗን ዘርፍ እያየ ጠበቀ። ውጭ መኪና አለፈ። ሳሎን ውስጥ አንድ ሰው አሳለ። እናቱ አልሳመችውም።

«ይሄ አንተ ነህ» አለች።

ተከታይ ጠረጴዛውን ያዘ። «ምልክቱ... ሽክርክሪቱ...»

«ምልክቱን ተወው። ቀዳሚ ሲነሳ እንዲህ አያይም። በስልኩ ትንሽ ሆኖ አሳሳተኝ እንጂ ይሄ ዓይን ያንተ ነው።» ወረቀቱን በትንሹ ዝቅ አደረገችው። «ይሄ የሚፈራው ልጄ ነው።»

የዚያን ጊዜ ተከታይ አለቀሰ። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ሰው ፊት ቢያለቅስም እንዲህ አላለቀሰም። ኮቱን፣ ስልኩን፣ የተገለበጠውን ካሜራ እየተንሰቀሰቀ ነገራት።

«ለምን ዝም አልከኝ?»

«ፈራሁ። ‹ልጄን አላወቅኩትም› ብለሽ እንዳትሞቺብኝ ፈራሁ።»

«እና በቁምህ ላለቅስብህ ነበር?» ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። «አንዱን ቀብሬ የሌላውን ፎቶ አቅፌ እንድጮኽ ልትተወኝ ነበር?» ትንፋሿን ሰበሰበች። ከዚያ ትኩር ብላ አየችው። «ሌላስ? ሌላ ምን ደብቀኸኛል?»

አሁን መዋሸት አልቻለም። የሐኪሙን ቃል አንድ በአንድ ነገራት። እናቱ እየሰማች ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለች። ጩኸት ጠበቀ፤ አልጮኸችም። ፎቶውን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ የቀሚሷን አንገት ከፍታ፣ ሳታጥፈው ወደ ውስጥ ታስገባው ጀመር።

«እማዬ፣ ቀለሙ ገና እርጥብ ነው።»

«እዚህ ይደርቃል።»

ሻርፗን ከላይ አለበሰችው። «ጠዋት አብረን ሐኪሙ ጋ እንሄዳለን» አለች።

«ልቅሶ ቤት ትተን?»

«ልቅሶው ይጠብቀናል። እኔም እፈራለሁ፤ አብረን እየፈራን እንሄዳለን።» ዓይኗን በሻርፗ ጠረገች። «አሁን የእሱን አምጣ። የእውነቱን።»

ተከታይ የወንድሙን ፎቶዎች ከፈተ። ከሁሉም የጠራው ቀዳሚ ጥቁር ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ፣ ግንባሩ ላይ የቅባት ሰረዝ ኖሮት፣ ዓይኑ እስኪጠፋ የሚስቅበት ነው። ያነሳው ተከታይ ራሱ ነበር፤ የሚያስቀው ደግሞ የተከታይ «ጣትህን!» የሚል ጩኸት ነበር።

«ይሄ ነዋ» አለች እናቱ። «በየትኛው ወረቀት ነበር የሚወደው?»

«በሚያንጸባርቀው። ግን እማዬ፣ ያስቸግራል። መስታወት አያስፈልገውም ብለሻል፤ ያለ መስታወትም ቢሆን ከፊቱ የቆመ ሰው ሁሉ ይታይበታል።»

«እኔም?»

«አንቺም።»

«ይታይ። ብቻውን ከሚሆን።»

ከፓኬቱ ግሎሲ መዘዘ። የአውራ ጣቱን ቅባት አልጠረገውም። ማተሚያው ወንድሙን ከግንባሩ ጀምሮ ሲያወጣው ተከታይ ፊቱን አላዞረም። እናቱ ክንዱን ይዛው ነበር።

ፎቶው ደርቆ ሲወጣ አክስቱ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ሲስቅ? በቱታ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያለውን ይበል» አለች እናቱ። «ያኛው አልሆነም። ወረቀቱ እምቢ አለ።»

ፀጉር አስተካካዩ ምስማሩን መታ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሸሽቶ ፎቶውን ሲያይ ሳያስበው ሳቀ፤ ሲስቅም እንባው ወረደ። ያቺ በበሩ ጀርባ ስትንሾካሾክ የነበረች ሴት «ይሄማ ራሱ ነው፣ አሁን የሚናገር ነው የሚመስለው» አለች። ሰዉ እየተነሳ በየተራ ከፎቶው ፊት ቆመ።

መጨረሻ ላይ የተከታይ ተራ ሆነ። ከመስኮቱ የሚመጣው የከሰዓት ብርሃን ወረቀቱ ላይ አርፏል። ሲጠጋ የራሱ ፊት በወንድሙ ፊት ላይ መጣ። እንደ መስታወቱ ሁሉ ምልክቱ በምልክቱ ላይ፣ ቅንድቡ በቅንድቡ ላይ ገጠመ። የቱ ማን እንደሆነ ጠፋው። ልቡ መምታት ጀመረ፤ ጆሮው ውስጥ ሰማው። ወደ ኋላ ሊሸሽ አንድ እግሩን አነሳ።

እናቱ ከኋላው ነበረች። ሳትናገር በጎኑ መጣችና መዳፏን ደረቱ መሃል ላይ አሳረፈችው። ተከታይ ቆመ። የሚያንጸባርቀው ወረቀት ላይ የእናቱ እጅ የቀዳሚ ቱታ ላይ፣ ልቡ በነበረበት ቦታ አርፎ አየ። በሩ ተከፍቶ ሌሎች ልቅሶ ደራሾች ገቡ፤ አክስቱ ወንበር እንዲጠጋላቸው ተናገረች። እናቱ እጇን አላነሳችም።